ጣውላ ሲወደድ መሰንጠቂያ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ 6 ሠራተኞች ያሉት የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አልጋ፣ ቁም ሳጥንና የውስጥ በር እንሠራለን፤ በሳምንት 80 ያህል ባለ 4 ሜትር ጣውላ እንፈጃለን። ጣውላ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደጨመረ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ከደንበኛ ጋር ዋጋ ተስማምቼ፣ ዕቃውን ገዝቼ ሳልጨርስ ኪሳራ ውስጥ እገባለሁ። የምገዛው እንጨት እርጥብ ስለሆነም 5 በሮች ተጣመው ተመልሰውብኛል። አሁን የእቁብ ዕጣ ሊደርሰኝ ነው። አንድ ሰው ያገለገለ፣ ባለ ክብ ምላጭ የእንጨት መሰንጠቂያ ከነሞተሩ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። አርሲ ነጌሌ አካባቢ ያሉት አጎቴም አንድ ሄክታር የማይሞላ የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍ አላቸው፤ ‹በጅምላ ውሰደው› ብለውኛል። መሰንጠቂያውን ልግዛ? ወይስ ከነጋዴ እየገዛሁ ልቀጥል?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ መሰንጠቂያውን አይግዙ። የአጎትዎን ዛፍ ግን ይግዙ፤ በጅምላ ሳይሆን እየለኩ። ግንዱን በኪራይ ያሰንጥቁ፣ የእቁቡን ገንዘብ ደግሞ በማድረቂያ መጠለያና ተከምሮ በሚደርቅ እንጨት ላይ ያውሉት። ይህን ያልንበትን ምክንያት በቁጥር እናሳይዎታለን፤ ቁጥሩን በራስዎ ሒሳብ እየተኩ ይመልከቱት።

ጣውላ ለምን እንደተወደደ ለእርስዎ ብዙ መንገር አያስፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ሰሌዳ)፣ ኮምፔንሳቶ፣ ቫርኒሽና ማጠፊያ ሲወደድ፣ በእነሱ ይሠራ የነበረ ሰው ፊቱን ወደ አገር ውስጥ ጣውላ ያዞራል። ናፍጣ ሲጨምር ግንድ የሚያመላልሰው መኪናም ይጨምራል። ዛፍ ደግሞ ዋጋ ጨመረ ተብሎ ቶሎ አይደርስም፤ የፈረንጅ ጽድ ጥሩ ጣውላ የሚወጣው ውፍረት እንዲይዝ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ዋጋው ነገ ወደ ድሮው ይመለሳል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ነው። «ጣውላ ከተወደደ ጣውላ የሚያመርተው ያተርፋል» ይላል። የመሰንጠቂያ ትርፍ የሚገኘው ግን ከጣውላው ዋጋ ሳይሆን በግንዱና በጣውላው ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮሮና በገባበት እ.ኤ.አ. በ2020 ጸደይ መሰንጠቂያዎች «ገዢ ይጠፋል» ብለው ምርት ቀነሱ፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ቤቱን ማደስ ሲጀምር እንጨት ጠፋ። ግንቦት 2021 ላይ 1,000 ቦርድ ፉት፣ ማለትም 2.36 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ወደፊት ለሚረከቡት ዕቃ አስቀድመው ዋጋ በሚዋዋሉበት ገበያ ከ1,600 ዶላር በላይ ደረሰ፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ከ500 ዶላር በታች ወረደ። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ያሉት መሰንጠቂያዎች በእነዚያ ወራት እጅግ ያተረፉት ገበሬው የተከለው ጥድ ተትረፍርፎ የግንዱ ዋጋ ከቦታው ስላልተነቃነቀ ነበር። የእኛ አገር ሁኔታ የዚያ ተቃራኒ ነው። ጣውላ ሐዋሳ ላይ ሲጨምር የዛፉ ባለቤት በዚያው ሳምንት በስልክ ይሰማል፤ የግንዱ ዋጋም አብሮ ይወጣል። ልዩነቱ እንደዚያው ጠባብ ሆኖ ሳለ የማሽኑ ዕዳ፣ ምላጩ፣ ነዳጁና ሠራተኛው በእርስዎ ላይ ይጨመራል።

አሁን ወደ እርስዎ ሒሳብ እንግባ። 2.5 ሳ.ሜ ውፍረት፣ 20 ሳ.ሜ ስፋትና 4 ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ 0.02 ሜትር ኩብ ነው፤ ስለዚህ 1 ሜትር ኩብ 50 ጣውላ ይሆናል። በሳምንት 80 ማለት 1.6፣ በወር 6.4 ሜትር ኩብ ነው። ከግንዱ 45 በመቶ ያህሉ ጣውላ ሆኖ ቢወጣ፣ ለዚህ የሚያስፈልግዎ 14 ሜትር ኩብ ግንድ ነው። አነስተኛ መሰንጠቂያ ከ3 ሰው ጋር በቀን 3 ሜትር ኩብ ግንድ ይጨርሳል ብንል፣ የእርስዎን የወር ፍጆታ በ5 ቀን ይሰነጥቀዋል። በቀሩት 25 ቀናት ቆሞ ይውላል፣ ወይም እርስዎ የእንጨት ሥራውን ትተው የሌላ ሰው ግንድ ለመሰንጠቅ ይሯሯጣሉ። ይህ ሌላ ሙያ ነው፤ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ፈቃድ፣ ምላጭ የሚስል ሌላ ሠራተኛ ይፈልጋል።

ሊሸጥልዎ የታሰበው ማሽን ደግሞ ባለ ክብ ምላጭ መሆኑ ብቻውን ያሳስበናል። እንዲህ ያለ ምላጭ በአንድ ጊዜ ማለፍ 6፣ 7፣ አንዳንዴም 8 ሚ.ሜ እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይቀይራል። ባንድሶው የሚባለው ረጅምና ቀጭን ምላጭ ያለው መሰንጠቂያ ግን 2 ሚ.ሜ ገደማ ብቻ ይበላል። ከአንድ ግንድ 10 ጣውላ ለማውጣት 10 ጊዜ ቢቆረጥ፣ በክብ ምላጩ 7 ሳ.ሜ፣ በባንድሶው 2 ሳ.ሜ ይባክናል። 7 ሳ.ሜ ማለት ከ10 ጣውላ ጎን ወደ 3 የሚጠጋ ጣውላ ዱቄት ሆኖ መሬት ላይ ወደቀ ማለት ነው። ግንድ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ይህን ማንም አይቆጥረውም ነበር።

ለስሌት እንዲመቸን 1 ሜትር ኩብ ግንድ መሰንጠቂያው በር ድረስ 10,000 ብር፣ የማሰንጠቂያ ክፍያው 2,000 ብር ነው እንበል። ይህ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ የራስዎን ይተኩበት። ከግንዱ 40 በመቶ ብቻ ከወጣ 20 ጣውላ ያገኛሉ፤ አንዱ 600 ብር ይቆምብዎታል። 55 በመቶ ከወጣ 27 ጣውላ ነው፤ አንዱ 444 ብር ይሆናል። ግንዱ አንድ፣ የከፈሉትም አንድ፤ ልዩነቱ ግን በአንድ ጣውላ ከ150 ብር በላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ሒሳቡን ያቆማሉ። እነዚያ 27 ጣውላዎች በደንብ ሳይከመሩ ቀርተው ሩባቸው ቢጣመም ወይም ጫፉ ቢተረተር፣ ለሥራ የሚሆኑት 20 ብቻ ናቸው። ተመልሰን 600 ብር ላይ ነን። በጥሩ ምላጭ ያተረፉትን ሁሉ መጥፎ ክምር በላው። ገንዘብዎን ማድረቂያ ላይ ያውሉት ያልነው ለዚህ ነው።

የአጎትዎን ዛፍ እንዴት እንደሚገዙ እንመልከት። በቁሙ በጅምላ መግዛት ወይ እርስዎን ወይ አጎትዎን ይጎዳል፤ በዘመድ መካከል ደግሞ የተጎዳው ወገን ለብዙ ዓመት አይረሳም። መጀመሪያ እያንዳንዱን ዛፍ ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ዙሪያውን በሜትር እየለኩ ይመዝግቡ። ዙሪያው ከ65 ሳ.ሜ በታች የሆነ ዛፍ ለጣውላ አይሰነጠቅም፤ ባሕር ዛፉ በአጠና፣ በቋሚና በማገር ዋጋ ይሸጥ፤ ጽዱ ደግሞ ካልተጨናነቀ ቆሞ ይወፍር። ከ65 እስከ 95 ሳ.ሜ ያለው ሞራሌና ጠባብ ጣውላ ይወጣዋል። እርስዎ በዋናነት የሚፈልጉት ከ95 ሳ.ሜ በላይ ያለውን ነው። ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ በግንዱ ልክ ይሁን።

ግንዱ የሚለካው እንዲህ ነው፦ ዙሪያውን መሃሉ ላይ፣ ልጡ ተነሥቶ፣ በሜትር ይለኩ፤ ዙሪያውን በራሱ ያባዙ፣ በርዝመቱ ያባዙ፣ ለ12.57 ያካፍሉ። መሃሉ 1 ሜትር ዙሪያ ያለውና 4 ሜትር የሚረዝም ግንድ 0.32 ሜትር ኩብ ይሆናል። ግንድ ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚለካው ወፍራሙን ጫፍ ነው። የዚያው ግንድ ታች ጫፍ 1.20 ሜትር ቢሆን፣ በዚያ ልኬት 0.46 ይወጣል፤ የሌለ እንጨት ከ40 በመቶ በላይ ጨምረው ይከፍላሉ ማለት ነው። መሃሉን መለካት ለሁለቱም ወገን ትክክለኛ ነው፤ አጎትዎም ባሉበት ይለካ።

ርዝመቱ ላይ በጣም እንዲያስቡበት እንፈልጋለን፤ ከነጋዴ ሲገዙ የሌለዎትን ነፃነት የሚያገኙት እዚህ ላይ ነውና። ገበያው የሚሸጥልዎ 4 ሜትር ነው። የበር ቋሚ 2.10 ሜትር ይፈልጋል፤ ከ4 ሜትር ጣውላ አንድ ብቻ ወጥቶ 1.90 ይተርፋል። አልጋ በሚሠሩበት ሳምንት ያ 1.90 ለአልጋው ጎን ይሆናል፤ በር ብቻ በሚሠሩበት ሳምንት ግን ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ቀስ እያለም ለጥቃቅን ሥራ ይቆራረጣል። ግንዱን ራስዎ ሲያስቆርጡ ለበር የሚሆነውን 4.40 ሜትር፣ ወይም ቀጥ ካላለ 2.20 ሜትር አድርገው ያስቆርጡት፤ ለአልጋ የሚሆነውን 4 ሜትር። ትርፍ ርዝመቱ ጫፉ ላይ ለሚተረተረው ነው። አጭር ግንድ ሌላም ጥቅም አለው፦ ታችና ላዩ በውፍረት ብዙ ስለማይለያይ ከዳር የሚጣለው ይቀንሳል። በር በብዛት የሚሠራ ቤት ይህን ብቻ ቢያስተካክል የጣውላ ወጪው ወዲያው ይለወጣል።

የፈረንጅ ጽዱ ለእርስዎ ሥራ ምቹ ነው፤ ቀላል፣ ለፒያላ (ለመላጊያ ማሽን) የሚታዘዝ፣ ሲደርቅ ብዙ የማያስቸግር እንጨት ነው። ጉጡ ብዙ ከሆነ ቅርንጫፉ በጊዜ አልተመለመለም ማለት ነው፤ ጉጥ የበዛበትን ለአልጋ ርብራብና ለማይታይ ቦታ ይለዩት። በተቆረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተሰነጠቀና ካልተከመረ ግን ሻጋታ ያጠቁረዋል፤ በተለይ በክረምት። ጽድ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ አጎትዎ ምትክ ችግኝ ለመጪው ክረምት እንዲያዘጋጁ ያስታውሷቸው። ባሕር ዛፉ ግን ጉቶው ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ ላይ፣ ልጡ ሳይገሸለጥ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ዘንበል ተደርጎ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ባሕር ዛፍ ጠባዩ ሌላ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እንጂ ለቁም ሳጥን አልነበረም። በሕይወት ሳለ ግንዱ ውስጥ ውጥረት ይዞ ነው የሚያድገው፦ ውጪው ይስባል፣ መሃሉ ይገፋል። ምላጭ ሲገባበት ያ ውጥረት ይፈታል፤ ጣውላው ከምላጩ እንደወጣ እንደ ቀስት ሲለጠጥ በዓይንዎ ያዩታል፣ የግንዱም ጫፍ ጧ ብሎ ይፈነዳል። ይህን ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም፤ መቀነስ ግን ይቻላል። ከ30 ሳ.ሜ በላይ ውፍረት ያለውን ብቻ ይምረጡ። በተቆረጠ በሳምንት ውስጥ ይሰንጠቅ፤ እስከዚያው ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሁለቱ ጫፎች በዚያው ቀን በዘይት ቀለም ወይም በሬንጅ ይቀቡ። ሰንጣቂው ከአንድ ወገን ብቻ እያነሣ እንዳይጨርስ ይንገሩት፦ ከአንዱ ጎን አንድ ሁለት ጣውላ ካነሣ በኋላ ግንዱን ገልብጦ ከተቃራኒው ጎን ያንኑ ያህል ያንሣ፤ ውጥረቱ በሁለቱም ወገን እኩል ሲፈታ መሃሉ ቀጥ ብሎ ይቀራል። መሃሉን፣ 10 ሳ.ሜ ያህሉን፣ ለበርም ለጠረጴዛም አያውሉት፤ ሞራሌ ሆኖ ለግንባታ ይሸጥ። በክብ ምላጭ ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ እንጨቱ ምላጩን ጨምድዶ ወደ ሠራተኛው ይወረወራል። ከምላጩ ኋላ የሚቆም የብረት ሽብልቅ የሌለው ማሽን ላይ ሰው እንዲሠራ በፍጹም አይፍቀዱ፤ በምላጩ መስመር ትክክልም፣ ከፊትም ሆነ ከኋላ፣ ማንም አይቁም።

ሰንጣቂ ሲመርጡ ባንድሶው ያለውን ይፈልጉ፣ ራቅ ቢልም። ክፍያው በግንድ ሜትር ኩብ ብቻ ከሆነ ይቸኩላል፤ በጣውላ ቁጥር ብቻ ከሆነ ያሳሳል። የሚሻለው «ውፍረቱ 28 ሚ.ሜ ለሆነ፣ ከ1 ሚ.ሜ በላይ ላልተዛነፈ ጣውላ ይህን ያህል» ብሎ መዋዋል ነው። 28 ያልነው ሲደርቅ ተኮማትሮ፣ በፒያላ ሁለቱም ገጽ ተልጦ 22 ሚ.ሜ ንጹሕ እንዲተርፍዎ ነው። በሚሰነጠቅበት ቀን ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይዘው ይገኙ፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ጣውላዎች ሁለቱን ጫፍና መሃላቸውን ይለኩ። ገጹ ማዕበል ከሠራ ምላጩ ደንዝዟል፣ ወይም ውጥረቱ ላልቷል፣ ወይም የጥርሱ ግራና ቀኝ መከፈት አንሷል። የባንድሶው ምላጭ 2 ሰዓት ያህል ከሠራ መቀየር አለበት፤ አሸዋ የያዘ ልጥ ካለበት ከዚያም ቀደም ብሎ። ልጡን ልጠው፣ ጭቃውን ጠርገው ግንዱን ቢያቀርቡ እርስዎም ሰንጣቂውም ትጠቀማላችሁ።

የመጓጓዣውን ነገር ቀድመው ይጨርሱ። እንጨቱ ከኦሮሚያ ወደ ሲዳማ ክልል ስለሚሻገር ከወረዳው ግብርና ወይም ደን ጽሕፈት ቤት የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃድ ሳይያዝ መኪና አይጫን። የግል ተክል ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን ወረቀት ከሌለ ኬላ ላይ ጭነቱ ይያዛል። «ርካሽ ዋንዛ አለ፣ ዝግባ አለ» የሚልዎትን ሰው አይስሙ። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጽድ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ የተጠበቁ ናቸው፤ ርካሽ የሆኑበት ምክንያትም ያው ነው።

አሁን ዋናው፣ ማድረቁ። በሮችዎ ለምን እንደተጣመሙ እንጀምር። እርጥብ እንጨት ውሃው 30 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ቢደርቅም ቅርጹን ብዙ አይለውጥም፤ መኮማተር የሚጀምረው ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ በ40 በመቶ እርጥበት የገዙት ጣውላ ሲሠሩት ቀጥ ያለና ታዛዥ ይመስላል። ደንበኛው ቤት ገብቶ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ ግን በስፋቱ 4 በመቶ ያህል ሊያጥር ይችላል፤ በ20 ሳ.ሜ ጣውላ ላይ 8 ሚ.ሜ፣ 4 ጣውላ ተገጥሞ በተሠራ 80 ሳ.ሜ በር ላይ ከ3 ሳ.ሜ በላይ ማለት ነው። ኮላም ሚስማርም ይህን አይቋቋምም። ጥፋቱ የሠራተኛዎ እጅ አይደለም።

መጠለያው ቀላል ነው፦ ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ውሃ የማይተኛበት መሬት። ክምሩ ከመሬት 40 ሳ.ሜ ከፍ ብሎ፣ አንድ ደረጃ ላይ በተስተካከሉ ብሎኬቶችና ወፍራም ሞራሌዎች ላይ ይረፍ። መሠረቱ ከተጣመመ ጣውላው ያንኑ ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። በእያንዳንዱ ረድፍ መካከል 2.5 በ2.5 ሳ.ሜ የሆኑ፣ የደረቁ፣ እኩል ውፍረት ያላቸው መለያያዎች ይግቡ፤ ለጽድ በየ60 ሳ.ሜ፣ ለባሕር ዛፍ በየ40። መለያያዎቹ ከታች እስከ ላይ ልክ አንዱ በአንዱ ላይ መዋል አለባቸው፤ አንዱ 10 ሳ.ሜ ቢዛነፍ ከሱ በላይ ያለው ክብደት ጣውላውን ያጎብጠዋል። የመጨረሻዎቹ መለያያዎች ጫፉ ድረስ ይጠጉ፣ በጣውላና ጣውላ መካከልም 2 ሳ.ሜ ክፍተት ይተው። ከላይ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ይጫን፤ የላይኛው ረድፍ የሚጣመመው የሚጫነው ስለሌለ ነው። 1.20 ሜትር ስፋትና 1.50 ሜትር ከፍታ ያለው ክምር 150 ያህል ጣውላ ይይዛል። ለ3 ወር ፍጆታ 7 ክምር ያስፈልግዎታል፤ ሰው በመካከላቸው የሚያልፍበት ተጨምሮ 13 በ6 ሜትር ጣሪያ ይበቃል። አቅም ካነሰ በ3 ክምር ይጀምሩ።

ክምሩን በላስቲክ አይጠቅልሉ፤ ውስጡ ይታፈንና ይሻግታል። ፀሐይ በቀጥታ እንዲመታውም አይተዉት። በባሕር ዛፍ ላይ የመጀመሪያውን ወር ነፋስ የሚመጣበትን ጎን በጆንያ ይጋርዱ፤ ቶሎ የደረቀ ባሕር ዛፍ ገጹ ይሰነጣጠቃል፣ ውስጡም ይሟሽሻል። ከመከመሩ በፊት እንጨት የሚበላውን ነቀዝ ለመከላከል 6 ኪሎ ቦራክስና 4 ኪሎ ቦሪክ አሲድ በ100 ሊትር ውሃ በጥብጦ ጣውላውን መንከር ይረዳል፤ ጓንት ይደረግ፣ ልጆች አይቅረቡ። ይህ ለቤት ውስጥ ዕቃ ነው፤ ዝናብ የሚያገኘው እንጨት ላይ ታጥቦ ይወጣል።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ጽድ በ2 ወይም 3 ወር ይደርቃል። ባሕር ዛፍ ግማሽ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ወሩን ብቻ አይመኑ፤ ይለኩ። ከክምሩ መሃል አንድ ጣውላ አውጥተው፣ ከጫፉ 50 ሳ.ሜ ገባ ብለው 2.5 ሳ.ሜ ርዝመት ያለው ቁራጭ በሙሉ ስፋቱ ይቁረጡ፤ ወዲያው በግራም ሚዛን ይመዝኑት። በ103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም፣ አንድ ቀን ያህል፣ ያቆዩት። እርጥቡ 84 ግራም፣ ደረቁ 60 ግራም ቢሆን፣ ልዩነቱ 24፣ ለ60 ሲካፈል 40 በመቶ ነው። ከ14 በመቶ በታች ሳይወርድ በር አይሥሩበት። ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ካገኙ ይግዙ፤ ከ30 በመቶ በላይ የሚያሳየውን ቁጥር ግን አይመኑት። በአቅራቢያዎ ያለው የወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ እንጨትን የሚያውቁ ባለሙያዎች ያሉበት ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ክምር ሲሠሩ ሄደው ቢያማክሩ መልካም ነው።

የመጀመሪያው ክምር እስኪደርቅ ከነጋዴ መግዛትዎ አይቀርም። 2.5 ተብሎ የሚሸጠውን ጣውላ በካሊፐር 3 ቦታ ይለኩት፤ 2.2 ሆኖ ከተገኘ ከ10 ጣውላ ከአንድ በላይ የሚሆነውን አልሰጡዎትም፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ይደራደሩ። ሚዛንም ይጠቀሙ። የደረቀ የጽድ ጣውላ በዚህ ልክ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይመዝናል፤ 14 ወይም 15 ከሆነ ውሃ እየገዙ ነው። ለደንበኛ የሚሰጡት ዋጋ በጽሑፍ ይሁንና «ለ7 ቀን የሚጸና» ይበሉት። ቀብዱ የእንጨቱን ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ይሁን፤ ቀብዱን በተቀበሉ በማግስቱ እንጨቱ ይገዛ። ቀብድ በሌላ ወጪ ከሄደ በኋላ ጣውላ ሲጨምር ነው ኪሳራው የሚመጣው።

የተመለሱትን 5 በሮች ገና አይላጉዋቸው። ሥራ ቤትዎ ውስጥ አየር በሚያገኙበት ቦታ፣ ተኝተው፣ በመካከላቸው መለያያ ገብቶ፣ ከላይ ተጭኗቸው ለ4 ሳምንት ይቆዩ። ከዚያ ሁለት ቀጥ ያሉ ዱላዎችን በበሩ ላይና ታች ጫፍ አጋድመው ከፊት ለፊት ዝቅ ብለው ይመልከቱ፤ የዱላዎቹ ጠርዝ ከ5 ሚ.ሜ በታች ከተዛነፈ በፒያላ ይስተካከላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቋሚዎቹን ይፍቱና በደረቅ እንጨት ይተኩ፤ የፈቱትን ወደ አልጋ ርብራብ ያዙሩት። ለደንበኞቹም የ4 ሳምንቱን ቀጠሮ ዛሬውኑ ደውለው ይንገሯቸው።

በእያንዳንዱ ክምር ጫፍ ላይ የተከመረበትን ቀን፣ የዛፉን ዓይነትና የመጀመሪያውን የእርጥበት ልክ በኖራ ይጻፉበት፤ ከሁሉ ቀድሞ የተከመረው ከሁሉ ቀድሞ ይውጣ።